ቅባት የማያልፍበት በር

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የልብስ ሰፊዋ ጆሮ ግን ያን ዕለት ጠዋት ባዳነቱን ረስቶት ነበር። መታጠቢያ ቤቱን ከማድ ቤቱ የሚለየው ስስ ጣውላ ነው፤ ከላዩ ለእንፋሎት ተብሎ የተተወ ክፍተት አለ፤ በዚያ ክፍተት የእናቷ ድምፅ ሳይቀንስ ሳይጨምር ይመጣል። እሷ ፊቷን ለብ ባለ ውሃ ታጥባ፣ በፎጣ ጫን ጫን እያደረገች እንጂ ሳትፈትግ አድርቃ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ልትቀባ የቅባቷን ክዳን ከፍታለች። «ለሙሽራው እናት ታላቅየዋ እዚህ የለችም ብያታለሁ» አለች እናቷ ለታናሽየዋ። «ለሥልጠና ሩቅ ሄዳለች ብያታለሁ። ዛሬ ልብሱን ስትለኪ አታውቂያትም። ሰፊ ናት፣ በቃ። እታለም የምትል ቃል ካፍሽ እንዳትወጣ።»

ታናሽየዋ «እማዬ ደግሞ! ዛሬ ካዩዋት ሠርጉ ዕለት አያውቋትም እንዴ?» ብላ ሞከረች። «ለሠርጉ ገና ሦስት ሳምንት አለ» አለች እናት። «እስከዚያ ፊቷ ከተመለሰ ሌላ ሰው ነው የምትመስለው፤ ከሥልጠና መጣች እንላለን። ካልተመለሰ ግን…» አልጨረሰችውም። ሰፊዋ መጨረሻውን በቆመችበት ጠበቀች። ፊቷ ላይ የነበረው ውሃ እየተነነ ሄደ፤ ጉንጯ መሳብና መወጠር ጀመረ። በክፍተቱ የመጣው ግን የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። እህቷ ሻይዋን እያማሰለች ነበር። ከተባለው ሁሉ አንጀቷን የቆረጠው ያ ማንኪያ ነው። ስኳሩ መቼም ከሟሟ ቆይቷል።

እውነቱን ለመናገር እናቷ ክፉ ሰው አይደለችም። ፈሪ ናት፤ ፈሪ ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ ይብሳል። የሙሽራው እናት መጀመሪያ ቤታቸው የመጣች ቀን እንደ ሐኪም ቤት መዝጋቢ አንድ በአንድ ጠይቃ ነበር። በዘራችሁ ስኳር አለ? ደም ግፊትስ? የቆዳ በሽታስ? ሰፊዋ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበረች። እናቷ ለስኳሩም ለግፊቱም ረጋ ብላ «የለም» አለች፤ ቆዳው ላይ ሲደረስ ላብ አጠመቃት። ሁለት ልጆች እንዳሏት ቀድማ ተናግራለችና አንደኛዋን መካድ አልቻለችም፤ በዚያው ትንፋሽ ሥልጠናውን ፈጠረችው። እንግዳዋ ከሄደች በኋላ «አይዞሽ፣ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ብላ ራሷን በራሷ ስታጽናና ታናሽየዋ ሰምታታለች። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

በሽታም እኮ አይደለም፣ ብጉር ነው። ግን ደግሞ ብጉር ብቻ ብሎ የሚያልፈው እሱ ያልወጣበት ሰው ነው። ሰፊዋ ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተሸክማዋለች፤ ትራስ ላይ ጉንጯን አሳርፋ መተኛት እስኪያቅታት ድረስ ጥልቅና የሚያም ነበር። ሎሚ ቀብታዋለች፣ የጥርስ ሳሙና ቀብታዋለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆኖ ያዘዘላትን ሞክራለች። በመጨረሻ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄደችና ለከባድ ብጉር የሚሰጠው እንክብል ታዘዘላት፤ ስድስት ወር፣ በየወሩ የደም ምርመራ፣ እስኪያልቅ ድረስ እርግዝና የሚባል ነገር በፍጹም የለም። ሐኪሙ ሁሉንም ካስረዳት በኋላ «ያደርቅሻል» አላት። «ከንፈርሽ ሳይደርቅ ከመጣሽ መድኃኒቱን እየዋጥሽው አይደለም ብዬ እጠረጥርሻለሁ።» ያን ጊዜ ስቃ ነበር። ያን ጊዜ መሳቅ አያምም ነበር። አሁን ሁለት ወሯ ነው፤ ብጉሩ መክሰም ጀምሯል፤ በምትኩ የአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ይላጣል፣ ዓይኗ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁራታል፣ አፏ ይደርቃል፣ ከንፈሯ ይሰነጠቃል። መላው ቀላል ነው። ሽታ የሌለው ወፍራም ቅባት በየሰዓቱ መቀባት፣ የተላጠውን አለመንቀል፣ ከንፈርን አለመላስ። «ከደረቀ በኋላ ሳይሆን ሳይደርቅ!» ብሎ ሐኪሙ ሁለቴ ነግሯታል።

ያን ጠዋት ግን ከመታጠቢያ ቤቱ ወጥታ በቀጥታ ወደ ውጭው በር ነው የሄደችው። እናቷ ደረሰችባትና ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተክላ «ዛሬ ስንመጣ መቼም ሥራ ላይ ነሽ፤ ብዙም አታውሪን» አለቻት። «እሺ» አለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ደረጃውን ወረደች። ቅባቷን ረስታ መምጣቷን ያወቀችው አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳዋን ስትዳብስ ነው። ትንሿ ክብ ቆርቆሮ ክዳኗ እንደተከፈተ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ቀርታለች። ተመልሳ እንዳትወስዳት ረፍዷል፤ በዚያ ላይ ያንን ማንኪያ ዳግመኛ መስማት አላሰኛትም።

የምትሠራበት የሙሽራ ልብስ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሩ ቀኑን ሙሉ ስልክ የሚጠግኑ ሰዎች ሙዚቃ እየሞከሩ ይውላሉ። በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል «ቅባት፣ ሎሽን፣ ሊፕስቲክ ከዚህ በር አያልፍም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት አንዲት ሰፊ እጇን ሎሽን ተቀብታ የአንድ ቬሎ እጅጌ ይዛ ነበር። በዓይን ምንም አይታይም፤ ካውያው ሲያርፍበት ግን አምስት ጣት ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ሙሽራዋም የሆነ ሰው ክንዷን አልለቅ እንዳላት ሆና ተዳረች። ሳቲን ይቅርታ የሚያውቅ ጨርቅ አይደለም። ቅባት ይጠጣል፤ ውሃ ሲነካው ቀለበት ይሠራል፤ ሻካራ ጣት ሲነካው ክሩ ይመዘዛል። ስለዚህ ሰፊዋ ሁለት ወር ሙሉ የራሷን ሥርዓት ይዛ ነበር። በየሰዓቱ ወደ ኮሪደሩ ትወጣለች፣ መስኮቱ ጋ ቆማ ከንፈሯን ትቀባለች፣ ጥቂት ደቂቃ ትጠብቃለች፣ በሶፍት ትጠርገዋለች፣ እጇን በሳሙና ትታጠባለች። ሳሙናው ደግሞ እጇን ያደርቀዋልና የጣቶቿን ጫፍ በጥፍር ሞረድ ታለሰልሳለች። ከዚያ ተመልሳ ነጩ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ባለቤቲቱ፣ የጨርቅ መያዣ ስፒል ከከንፈሯ መሐል ስለማይጠፋ ከጀርባዋ ስፒል የሚሏት ሴት፣ ይህን መውጣትና መግባት አትወደውም። «ሲጋራ የለመደ ወንድ እንኳ እንዳንቺ አይመላለስም» ትላለች በተገጠመ ጥርሷ። ደግነቱ የሰፊዋን ያህል እጀ ቀጭን የላትም፤ ስለዚህ ትናገራለች እንጂ አታባርራትም።

ያን ዕለት ግን ስፒልም ጨክናለች። ከሰዓት በኋላ አማትየዋ፣ እናትየዋና ሙሽራዋ ልኩን ሊያዩ ይመጣሉ፣ የወገቡ ዳንቴል ገና አልተያያዘም፣ ማንም ከክፍሉ አይወጣም አለች። ያ ቬሎ የእህቷ ነው። ሰፊዋ ራሷ ለምና የወሰደችው ሥራ ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ሌላው ሰው ሲወጣ እሷ እየቀረች ሰፍታዋለች፤ በውስጥ በኩል ልብ ላይ ሊያርፍ በሚችል ቦታ ማንም የማያያት አንዲት የሰማያዊ ክር ስፌት አስቀምጣለች። ስፒል ይህን ሁሉ ስለምታውቅ ሰፊዋ ጠጋ አለችና፣ ፊቷ እየጋለ፣ «ዛሬ ቤተሰቦቼ ሲመጡ እንደማንተዋወቅ ነን» አለቻት። ስፒል ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ስፒሎቹን ከዚህኛው የአፏ ጥግ ወደዚያኛው አዛወረችና «እኔ የማውቀው ደንበኛ ነው» አለች። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ ባትጠይቅም የጠየቀች ያህል ነበር።

ረፋዱ ላይ ከንፈሯ ወደ ውስጥ መኮማተር ጀመረ። እንክብሏ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው የሚዋጠው፤ ቁርስ ስላልበላች ጠዋት በደረጃው ላይ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ጎርሳ ውጣዋለች፣ እጇንም ሁለቴ ታጥባ ገባች። ውሃ በላይ በላይ ጠጣች፤ ከንፈሯ ግን ከውስጥ በሚጠጣ ውሃ የሚታለል ዓይነት አልነበረም። ልብስ በካውያ የምትተኩሰው ጓደኛዋ አዘነችላትና ቀስ ብላ ከጡት መያዣዋ ሥር የደበቀችውን የከንፈር መቀቢያ አቀበለቻት፤ የሚሸት፣ የሚያቀዘቅዝ ነገር ያለበት ነበርና በርበሬ እንደነካው ቁስል አቃጠላት። ፊቷን አዙራ በሶፍት ጠረገችው። ወደ መድኃኒት ቤት ልትሄድ የምሳ ሰዓት ጠየቀች፤ ስፒል «ምሳ ዛሬ የለም» አለች። ምንም አማራጭ ስላጣች አንድ ነገር ብቻ ወሰነች፤ እስከ ማታ ድረስ አትስቅም፣ አታዛጋም፣ አፏን ከግማሽ በላይ አትከፍትም። ከንፈር ካልተለጠጠ አይሰነጠቅም። ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት እንኳ ምራቅ ቸገራትና የክሩን ጫፍ በመቀስ ሹል አድርጋ ቆረጠችው። ተኳሿ አይታ «አንቺ እኮ ምራቅሽም አለቀ» ብላ ቀለደች። እውነቷን ነበር።

የምራቅ ነገር በዚያ ሙያ ቀልድ አይደለም። ልብስ ሰፊ ጣቷን ስትወጋና ነጭ ጨርቅ ላይ ደም ስታንጠባጥብ ወደ ውሃ አትሮጥም፤ ነጭ ክር ትቆርጣለች፣ አፏ ውስጥ ከታ ታላምጠዋለች፣ አድበልብላ ደሙ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ሳትፈትግ ትጫነዋለች። የራስን ደም የራስ ምራቅ ያነሳዋል ይላሉ፤ የሌላ ሰው ምራቅ ዋጋ የለውም ይላሉ። ይህን ያስተማረቻት እናቷ ናት። እናቷ ዓይኗ ሳይደክም በፊት እቤት መኝታ ክፍሉ ጥግ ባለች የስፌት መኪና የሰፈሩን ዩኒፎርም ሁሉ ሰፍታለች፤ ታላቅየዋም እግሯ ሥር ቁጭ ብላ የጨርቅ ቁርጥራጭ እየሰፋች ነው ያደገችው። የመጀመሪያ ጊዜ ጣቷን ስትወጋ እናቷ ነበረች ክሩን ቆርጣ አፏ ውስጥ የከተተችላት።

ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ መጡ። አማትየዋ ረጅም ናት፤ መነጽሯ በሰንሰለት አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል፤ አንድ ነገር መመርመር ስትፈልግ ብቻ ታነሳዋለች፤ መመርመር የማትፈልገው ነገር ግን ያለ አይመስልም። እናትየዋ ከኋላዋ ገባች፣ የሠርግ ጥሪ የሄደች ያህል ለብሳ፣ የእጅ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ በሁለት እጇ ይዛ። ልጇን ስታይ ተደናገረች። የማያውቁትን ሰው እንዴት ሰላም እንደሚሉ ቀኑን ሙሉ ሲለማመድ የቆየ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። «እንደምን ዋሉ?» አለቻት፤ የገዛ ልጇን፣ አንቱ ብላ። ሰፊዋ ክው አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፣ ከንፈሯን ሳትከፍት ማለት በሚቻለው ያህል። አማትየዋ ይህን ሁሉ አክብሮት ለአንዲት ሰፊ ሲሰጥ ገረማትና መነጽሯን አነሳች።

ሙሽራዋ ልብሱን ለብሳ ትልቁ መስታወት ፊት በርጩማ ላይ ወጣች። ልብሱ ያምርባት ነበር፤ ይህን ለመካድ ክፉ መሆን ያስፈልጋል። ሰፊዋ ወገቧ ጋ ተንበርክካ ትርፉን ጨርቅ በስፒል መያዝ ጀመረች። እናትየዋ ጥጉ ወንበር ላይ ተቀምጣ የቦርሳዋን መዝጊያ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ትከፍታለች። ጠቅ፣ ጠቅ። ስፒል ጨርቁ ከየት እንደመጣ ታወራለች። አማትየዋ ግን የምታየው ጨርቁን አልነበረም። «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» አለች በሰፊዋ አናት ላይ። «ፊቷ ይላጣል። ከንፈሯን ተመልከቱት!»

«መድኃኒት ላይ ናት፤ የሚተላለፍ ነገር አይደለም» አለች ስፒል።

«የማይተላለፍ ከሆነ እሰየው። እኔ ግን በዚህ እጅ የተነካ ልብስ በልጄ ሚስት ላይ ማየት ይከብደኛል።» ከዚያ ወደ እናትየዋ ዞረች። «እርስዎስ ምን ይላሉ? የምትለብሰው የእርስዎ ልጅ ናት እኮ።»

የቦርሳው መዝጊያ ዝም አለ። ሰፊዋ እጇ ላይ አራት ስፒል ይዛ፣ ዓይኗን ከሳቲኑ ሳታነሳ፣ ጠዋት በክፍተቱ ሥር እንደጠበቀችው ጠበቀች። እናቷ አንድ ቃል ብትናገር፣ እጇ ጥሩ ነው ብትል እንኳ ይበቃት ነበር። «እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች እናቷ፣ ወደ መስኮቱ እያየች። «እኔ አላውቃትም፤ ባለቤቲቱን ይጠይቋት።»

ሰፊዋ ስፒሏን ሰካች። ሌላም ሰካች። ከጣቶቿ ሥር የእህቷ ወገብ ሲርድ ተሰማት። ቀና ስትል የእህቷን ፊት መስታወቱ ውስጥ አየችው፤ አገጯ ይርገበገባል፣ ዓይኗ ሞልቷል፣ ሁለቱ ብቻ በሚሰሙት ድምፅ «ይቅርታ፣ እታለም» አለች። እንባዋ ቢወርድ ልብሱ ላይ ነው የሚወርደው። ሰፊዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ይህቺን ልጅ ስታለቅስ ዝም የምታሰኝበት አንድ መንገድ ብቻ ነው ያላት። ውሳኔዋን ረሳችው፤ ሳቀችላት።

ከንፈሯ መሐሉን ለሁለት ተሰነጠቀ። ሲሰነጠቅ ተሰማት። እጇን ወደ አፏ ሳታደርስ አንድ ጠብታ ወደቀች፣ ልክ ወገቡ ላይ፣ ዳንቴሉና ሳቲኑ በሚገናኙበት ቦታ። ነጭ ላይ አንዲት የደም ጠብታ ምን ያህል ትልቅ እንደምትሆን ያላየ ሰው አያውቅም።

«ደም!» ብላ ጮኸች አማትየዋ። «በሙሽራ ልብስ ላይ ደም! ይቺን ልጅ ከዚህ አውጡልኝ!» ስፒል የያዘቻቸውን ስፒሎች በሙሉ እጇ ላይ ተፍታ «ክር! ቶሎ፣ ሳይደርቅ!» አለች። ሰፊዋ በአንድ እጇ ከንፈሯን በሶፍት ይዛ በሌላው ነጭ ክር መዘዘች፣ አፏ ውስጥ ከተተች፣ አላመጠች። ክሩ እንደገባ ወጣ፤ ደረቅ ነበር። ደግማ ከተተችው። ምላሷ ላንቃዋ ላይ ተጣብቆ የሚረዳት ነገር አጣ። ሁለት ወር ሙሉ ያደረቃት መድኃኒት አንዲት ጠብታ ምራቅ እንኳ አልተወላትም። ጠብታዋ ዳር ዳሯን መጠቆር ጀመረች። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የፈለገችው፤ ለዚያም ዓይኗ ደረቅ ነበር።

ወንበሩ ተንቋቋ። እናቷ ቦርሳዋን ነጩ ጠረጴዛ ላይ ጥላ መጣች፣ ክሩን ከልጇ ጣት ነጠቀች፣ አፏ ውስጥ ከተተችው። በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ያ ሁሉ የክት ልብሷ ወለሉ ላይ እየተጎተተ። የደከመ ዓይኗን አፍንጫዋ ጨርቁን እስኪነካ ድረስ አስጠጋች፣ ክሩን አድበልብላ ጠብታዋ ላይ አስቀመጠችና ሳትፈትግ ተጫነችው። ሲነሳ ክሩ ቀልቶ ነበር። ጣለችውና ሌላ ቆረጠች።

«እንዴ! ምን እያደረጉ ነው?» አለች አማትየዋ። «እኔም በጊዜዬ መርፌ ይዣለሁ፤ ያንዱን ደም የሌላው ምራቅ አያነሳውም። ለማያውቋት ልጅ ደም እርስዎ ምን ቤት ነዎት?»

እናቷ ሁለተኛውን ክር ከአፏ አወጣች።

«እናቷ ነኝ» አለች።

ታች ያሉት ስልክ ጠጋኞች የሚሞክሩት ሙዚቃ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተሰማ። «ሥልጠና ሄደች ያሉኝ ልጅ?» አለች አማትየዋ በመጨረሻ። «የትም አልሄደችም። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው የዋሸሁዎት። ታላቋ ልጄ ናት፤ ይህንንም ልብስ የሰፋችው እሷ ናት» አለች እናቷ ለሳቲኑ፣ ቀና ሳትል። በርጩማው ላይ የቆመችው ሙሽራ ዘግይታም ቢሆን ከጠዋቱ ማንኪያዋ ተላቀቀች፤ «ሠርጉ ዕለትም አጠገቤ የምትቆመው እሷ ናት፣ ፊቷ ቢላጥም ባይላጥም» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። አማትየዋ መነጽሯን አነሳች፣ ሦስቱንም ተራ በተራ አየች፣ ከዚያ ለቀቀችው፤ ሰንሰለቱ ላይ ተወዛወዘ። ነገ ምን እንደምትል ማንም አያውቅም። ለጊዜው ወንበር ስባ ተቀመጠች።

እናቷ በአንድ እጇ ክሩን እንደያዘች በሌላው ወደ ቦርሳዋ ጠቆመች። «ክፈቺው» አለቻት። ሰፊዋ ከፈተችው። ትንሿ ክብ ቆርቆሮ ከላይ ነበረች፣ ክዳኗ ተገጥሞ፣ እንዳትፈስ በፌስታል ተጠቅልላ። ያ ሁሉ መክፈትና መዝጋት ለዚህ ነበር። ስፒል ቆርቆሮዋን አየች፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን አየች፣ ሊናገር የዳዳውን አፏን በስፒሎቿ ሞላችው።

«ጠዋት ረስተሽው ወጣሽ» አለች እናቷ፣ እንደ ቤቷ፣ አንቺ ብላ። «እዚያው ራቅ ብለሽ ተቀቢ፤ ልብሱን እኔ እይዘዋለሁ፣ ደሙ ገና አልለቀቀም።» ሦስተኛውን ክር ቆረጠችና አፏ ውስጥ ከተተችው።